የዋንዛው አትሮንስ

ከቤቴ ቀጥሎ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የአልጋና የቁም ሣጥን መሥሪያ ከተከፈተ ሦስት ዓመት አለፈው። ወጣቶቹ የሚሠሩት ከፋብሪካ ተጨፍልቆ በሚመጣ ሰሌዳ ስለሆነ አጥሬን አልፎ የሚመጣው ሽታ የኮላና የቀለም ነው፤ ለምጄዋለሁ፣ ያጠብሁትን ልብስ ብቻ ራቅ አድርጌ አሰጣለሁ። ባለፈው ጥቅምት ግን አንድ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሩዝ ስለቅም ሌላ ሽታ መጣ፤ ጣፈጥ ብሎ መጨረሻው ላይ መረር የሚል፣ ዝናብ የነካው ደረቅ ሣር የሚመስል። አንድ ሰው የድሮ ዋንዛ በእጁ እየላገ ነበር። ሰፌዱን አስቀምጬ ተነሣሁ። ወዴት ልሄድ እንደተነሣሁ ግን አላወቅሁም፤ የበረንዳውን ቋሚ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ኋላ ማሽኑ ሲነሣ ሽታው በአቧራ ተዋጠ፤ ተመልሼ ብቀመጥም ጠጠሩን ከሩዙ መለየት አቃተኝ፤ የዚያን ቀን ምሳ የበሉ የልጅ ልጆቼም ጥርሳቸውን ይዘው ጮኹብኝ።

እኔ ሰባተኛ ክፍል በገባሁበት ዘመን ወረታ ላይ ባጃጅ አልነበረም፤ ሩዝም ገና ወደ ፎገራ አልመጣም። ሜዳው ጤፍ፣ ጓያና ኑግ የሚዘራበት፣ የቀረውም የከብት መዋያ ነበር። ነሐሴ ሲገባ የርብ ወንዝ ከዳሩ ይወጣና መንደራችን እንደ ደሴት ከጉብታዋ ላይ ብቻዋን ትቀራለች፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ጥቁር ጭቃውንና ቢምቢውን ትቶልን ይሄዳል። አባቴ የመንደራችን ደብር ቄስ ነበሩ። ከልጆቻቸው ሁሉ እኔን ለይተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ያስገቡኝ ለምን እንደሆነ ነግረውኝ አያውቁም፤ ሰው ሲጠይቃቸው "ታንብብ" ብቻ ይሉ ነበር። ወረታ ላይ አክስቴ ዘንድ እያደርሁ እማራለሁ፤ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ያህል በእግሬ ሄጄ እሑድ ስንቄን ተሸክሜ እመለሳለሁ።

በዚያን ጊዜ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የእጅ ሥራ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ለወንዶቹ የእንጨት ሥራ፣ ለሴቶቹ ባልትና። በዚያ ዓመት የባልትና አስተማሪያችን አግብታ ወደ ባሕር ዳር ሄደችና ምትክ ጠፋ። ርዕሰ መምህሩ ሁለት ሳምንት ግቢ ሲያስጠርጉን ከቆዩ በኋላ አሥራ አንዳችንንም ሴቶች ወደ እንጨት ክፍል ላኩን። አክስቴ ስትሰማ "የቄስ ልጅ ጠራቢ ልትሆን ነው?" ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ለእግዜር ነገረችው እንጂ ለርዕሰ መምህሩ ለመንገር ግን አልደፈረችም።

አክስቴን መውቀስ አይቻልም። ብረት መቀጥቀጥ፣ ሸክላ መሥራትና ሽመና በኛ አገር የተለዩ ቤተሰቦች ሥራ ነበር። ገበሬው ማረሻውንና ማድጋውን ከእነሱ ይገዛል፤ ከቤታቸው ግን እህል አይቀምስም፣ ልጁንም አይድርላቸውም። ዓይናቸው ሰው ይጎዳል፣ ያዩትን ይበላሉ እየተባለ ይፈራሉ። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ከእናቴ ጡት ጋር የጠጣሁት ነው።

የእንጨት ክፍሉ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር የቆመ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር። ፀሐይ ሲመታው ክዳኑ ይንጣጣል፤ ውስጡ ግን ሰጋቱራው እግር ስለሚውጥ ኮቴ አይሰማም፣ ሰው ከኋላ ቢቆም አይታወቅም። እስካሁን በሕልሜ የሚመጣው ያ ጸጥታ ነው። መላጊያው ይሄዳል፣ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወርዳል፣ ድምፅ ግን የለውም፤ ከፊት ለፊቴም ፊቱን የማላየው ሰው እጁን ከጣውላው ላይ አሳርፎ ይቆማል።

መምህር ይርዳው ቢበዛ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ እርሳስ ከጆሯቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ ሲናገሩም የሚያዩት የተማሪውን ፊት ሳይሆን የያዘውን እንጨት ነው። ያኔ ዓይን አፋር ይመስሉኝ ነበር። ሁለት ደንብ ነበራቸው። አንደኛው፣ የተማሪ ሥራ የአስተማሪ እጅ አይነካውም፤ ብትሳሳት፣ ብታለቅስ፣ ደወል ቢደወል፣ መሮውን ተቀብለው አይጨርሱልህም። ሁለተኛው፣ ተሳስቶ የተቆረጠ እንጨት አይጣልም። ተማሪው ስሙንና ስሕተቱን በእርሳስ ይጽፍበትና በገመድ አንጠልጥሎ ከግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። ነፋስ በገባ ቁጥር ቁርጥራጮቹ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። "ጥሩወርቅ፤ ከመስመሩ ውጭ ቆረጥሁ።" "ጥሩወርቅ፤ ስኳድራውን ሳላሳርፍ ለካሁ።" በመጀመሪያው ዓመት የኔ ስም አራት ጊዜ ተሰቅሏል። የጓደኛዬ የአስካለ ሰባት ነበር፤ አንዱ ላይ "አስካለ፤ የቆረጥሁት እኔ ነኝ፣ የነካካችኝ ግን ጥሩወርቅ ናት" ብላ ጽፋበታለች። መምህሩ አነበቡና "ጥሩ፤ ሁለታችሁም ስቀሉ" አሉን።

ወንዶቹ መጀመሪያ ሰሞን በር ላይ ተሰብስበው ይስቁብን ነበር። አንዱ "እናንተ፣ እጃችሁ እንደ ሞፈር ሻክሮ ማን ሊያገባችሁ ነው?" ሲለን አስካለ መጋዟን ሳታቆም "አንተ ካላገባኸን ለኛ ይበቃናል!" አለችው። ያው አስካለ በኅዳር ከትምህርት ቤቱ ደረቅ ጣውላ የመጀመሪያዋን በርጩማ ጨረሰችና መምህሩ እንደ ልማዳቸው ተቀመጡባት፤ ሁሉንም ሥራ የሚያርሙት በላዩ ተቀምጠው ነው። በርጩማዋ ወደ ግራ ዘመም፣ ወደ ቀኝ መለስ አለች።

"አስካለ፣ ይህን ለማን ነው የሠራሽው?"

"ለአማቴ እሰጠዋለሁ፣ መምህር።"

"እንግዲያው እንዳትነኪው" አሉ፤ "ተሳክቶልሻል።"

እኔ ደግሞ ሥራው ሳላስበው ያዘኝ። በሌላው ትምህርት መምህሩ ትክክል ነው ያለው ትክክል ነው፤ ከእንጨት ክፍል ግን ማዕዘን መለኪያው ስኳድራ የማንንም ፊት አያይም። የቄስ ልጅ ብሆን፣ በክፍሉ አንደኛ ብወጣ፣ በማዕዘኑና በብረቱ መካከል ብርሃን ካለፈ አለፈ ነው። ዓይኔን ዝቅ አድርጌ በዚያች ቀጭን ብርሃን አሻግሬ ማየት ተማርሁ። እርጥብ እንጨት እንደሚዋሽ ተማርሁ፤ ዛሬ የገጠመው ነገ ደርቆ ይከፈታል። ስለዚህ ተማሪው ያመጣውን ጣውላ ያመጣበትን ወር በጫፉ ላይ ጽፎ ከጣሪያው ማገር ላይ ያሳድረዋል፤ ዓመት ሳይሞላው መጋዝ አይነካውም። አሥራ ሦስት ዓመት ለሆናት ልጅ አንድ ዓመት መጠበቅ ቀላል አልነበረም።

የኔን ጣውላ አባቴ ናቸው በአህያ ያመጡልኝ። ርብ ሲሞላ ከደብሩ በታች የነበረ ዋንዛ ገንድሶ ነበርና ከግንዱ አንድ ጣውላ አስወጡ። የደብሩ አትሮንስ ከተሰበረ ቆይቶ በበዓል ቀን ትልቁን መጽሐፍ ሁለት ዲያቆናት እየተቀባበሉ በክንዳቸው ይይዙት ነበር፤ ንባቡ ሲረዝም ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል። አባቴ ጣውላውን ከክፍሉ በር ላይ አስቀምጠው "ከቻልሽ" አሉኝ። መምህሩን እጅ ነሥተው ሄዱ። ጣውላው ከማገሩ ላይ ዓመቱን ሞላ፤ ስምንተኛ ክፍል ስንገባ ለኅዳር ሚካኤል እንዲደርስ ጀመርሁት።

አትሮንሱ ከአንድ ጣውላ የሚወጣ ነው። ሁለቱ ክንፎች መሐል ላይ እንደ ሁለት እጅ ጣቶች ተሰካክተው ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ምስማርም ኮላም አይገባበትም። የሚከብደው ያ ማጠፊያው ነው። ጣቶቹን በመሮ ከሁለት በኩል እየፈለፈሉ መሐል ላይ መገናኘት አለባቸው፤ በአንዱ በኩል የፀጉር ያህል ከተሳሳቱ ጣውላው ይሰነጠቃል፣ የዓመቱም ጥበቃ ይጠፋል። ጥቅምትን በሙሉ ከደወል በኋላ እየቀረሁ ፈለፈልሁ።

አንድ የገበያ ቀን እንዲሁ ብቻዬን ቀርቼ ሳለሁ ውኃ ልጠጣ ወደ ክፍሉ ጀርባ ዞርሁ። በአጥሩ ክፍተት በኩል አንዲት አሮጊት በጀርባዋ ማድጋና ድስት በገመድ አስራ አዝላ ቆማለች፤ መምህር ይርዳው ሸክሙን እያወረዱላት ነበር። አወረዱና ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሳሙ። እሷም ራሳቸውን በሁለት እጇ ይዛ የጆሯቸውን እርሳስ አየችና ሳቀች። ያኔ ነው ያዩኝ።

"ተማሪዬ ናት" አሉ መምህሩ። ለኔ ደግሞ "እናቴ ናት፤ ከይፋግ በኩል ነው የመጣች" አሉኝ። ድምፃቸው አልተለወጠም።

አሮጊቷ "የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ። የአባቴን ስም ከነቅስናቸው ነገርኋት። ወዲያው ዓይኗን ወደ መሬት አወረደች፣ ሁለት እርምጃም ወደ ኋላ ሄደች።

"አላየሁሽም ልጄ" አለች፤ "እንዳትሠጊ። ገና ስትመጪ ዓይኔ ከመሬት ነበር።"

ዓይኗ ከመሬት አልነበረም። ልጇን ነበር የምታይ። መምህሩ አንዳች ነገር እንድደብቅ አልለመኑኝም፤ ጠይቀውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እኔው ነኝ በገዛ አፌ "ለማንም አልናገርም፣ መምህር" ያልሁት። እሳቸው "ማጠፊያው ምን ላይ ደረሰ?" ብለው ወደ ክፍሉ ገቡ።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር አልሞላም። በኅዳር መጀመሪያ ቅዳሜ ወደ መንደሬ ስሄድ መንገድ ላይ ብርድ ብርድ አለኝ። ቤት ስደርስ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ በማግሥቱ ደግሞ በእሳት እንደተያዝሁ ሆንሁ። ውኃው በሸሸ በወሩ ቢምቢው ሜዳውን ሞልቶት፣ በመንደሩም ከኔ ሌላ አምስት ሰው ተኝቶ ሳለ፣ እናቴን የያዛት ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ልጅቷ ከተማ ነው የምትውል፣ የሚያያት ብዙ ነው። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። እሑድ ከቀትር በኋላ ሥራሥር የምታውቀውን ጎረቤታችንን እትዬ ውዴን ጠራቻት።

ይህን በቀላሉ መጻፍ እፈልጋለሁ። ዓይን በላው የተባለ ሰው በጭስ ይታጠንና ይጠየቃል። የሚጠየቀው ታማሚው አይደለም፤ በታማሚው አፍ ይናገራል የሚባለው የበላው ሰው ነው። እትዬ ውዴ ሥራሥሩን ከፍም ላይ አድርጋ በራሴ ላይ ጋቢ ጣለችብኝ። "ማን ነህ? ተናገር! የት አገኘሃት?" ትላለች። እናቴ እግሬን ይዛ ታለቅሳለች። ጭሱ ይቆረቁራል፣ ትንፋሽ ያሳጣል፤ ዝም ካልሁ ይጨመራል። ሲጨመር ሁለት ጊዜ ዝም አልሁ። ትኩሳቱ ራሴን እንዳሳተኝ ሰው ሁሉ ይናገር ነበር፤ እውነቱ ግን በዚያች ቅጽበት አልሳትሁም። ስም ከሰጠኋቸው ጋቢው እንደሚነሣ ገብቶኛል። ወር ሙሉ ከራሴ ያልወጣ አንድ ስም ነበር፤ ጣውላው፣ ማጠፊያው፣ የመምህሩ እጅ።

"ይርዳው" አልሁ።

"ይርዳው ማን ነው?"

"መምህሬ።"

እትዬ ውዴ ተጠራጠረች። መምህር ሰው ይበላል? "ዘሩ ምንድን ነው? ተናገር!" ብላ እፍኝ ሙሉ ሥራሥር ጨመረች።

"እናቱ ሸክላ ሠሪ ናት" አልሁ።

ጋቢው ተነሣ። ያ የመጀመሪያው ትንፋሽ እንዴት እንደጣፈጠኝ እስካሁን አልረሳሁትም።

ሰኞ ጠዋት አባቴ በበቅሎ ጭነው ወረታ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ድሬሰሩ ዓይኔን ገልብጦ አየ፣ ጣቴን ወጋ፣ ከጓዳው ተመለሰና "ወባ ነው" አለ። ከኛ ጋር የመጣችው አክስቴ "ዓይን አይደለም?" ብትለው "ሴትዮ፣ ዛሬ ብቻ ከፎገራ ሃያ ሰው መጥቶብኛል፤ አንድ ዓይን ይህን ሁሉ በልቶ ሊጨርስ ነው?" አላት። መራራውን ክኒን ዋጥሁ፤ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። በመንደሩ ግን የዳንሁት ስሙ በመጠራቱ ነው ተባለ። አባቴ ሁለቱንም ሰምተው አንዱንም አልተናገሩም። እሳቸው ያን ጊዜ አንድ ቃል ቢሉ ኖሮ እያልሁ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ፤ ከሳቸው ይልቅ ቃሉ በኔ አፍ እንደነበረ እያወቅሁ።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደርሷል። በር ላይ የቆመ አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ "ጥሩወርቅ፣ እንዴት ነው፣ በጥሬሽ ነው ወይስ ጠብሰው ነው የበሉሽ?" አለኝና ሌሎቹ ሳቁ። በአጥሩ በኩል ሴቶች ልጆቻቸውን እየጠሩ ነበር። "መላጊያ ምናምን እንዳትነካ! እጁ ያረፈበትን እንዳትነካ!" የእንጨት ክፍሉ ባዶ ነበር። ከአርባ ተማሪ አምስት ብቻ መግባታቸውን አስካለ ነገረችኝ፤ አንዷ እሷ ነበረች። "ምን ብለሽ ነው?" አለችኝ። ያን ቀን ያልቀለደችው እሷ ብቻ ናት።

ርዕሰ መምህሩ አባቴንና እኔን አስጠሩን። የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ዓይን ሰው ይበላል ብለው አያምኑም ነበር። "ወላጆች መምህሩ ይነሣልን ብለው ፈርመዋል" አሉ። "እኔ የምይዘው ቃል እፈልጋለሁ። ልጅቷ ራሷ ወባ ነው፣ በትኩሳት የተናገርሁት ነው ካለች ሰልፍ ላይ አስነግሬ ነገሩን እዘጋዋለሁ። በይ እስቲ፣ በመምህር ይርዳው ላይ የምትዪው አለሽ?"

ከዚህ የቀለለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ጤና ጣቢያው ከዚያ ቢሮ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም። ነገር ግን ወባ ነው ካልሁ እናቴን፣ እትዬ ውዴን፣ መንደሩን ሁሉ ውሸታም ማድረጌ ነው፤ ከሁሉም በላይ በጭሱ ውስጥ አእምሮዬን አልሳትሁም ነበር፣ ያንን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የአባቴን ጫማ አየሁ። ዝም አልሁ። ርዕሰ መምህሩ ጠበቁ፤ ከዚያ "ፈርታለች" አሉ፣ ለአባቴ። እንደዚያ ተጻፈ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደብተሬን ከእንጨት ክፍሉ ልወስድ ስገባ መምህር ይርዳው ብቻቸውን ሰጋቱራ ይጠርጉ ነበር። ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውረዋል፤ ወዴት እንደሆነ ለማንም አልተነገረም። በሩ ላይ ስቆም ቀና ብለው እንደ ልማዳቸው እጄን አዩ።

"ወባው ለቀቀሽ?" አሉኝ።

"አዎ፣ መምህር።"

"እንኳን ማረሽ። ክኒኑን እስከ መጨረሻው ዋጪው፤ አለዚያ ተመልሶ ይመጣል።"

ከጠረጴዛው ላይ አትሮንሱን አንሥተው ሰጡኝ። ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ድምፅ አልነበረውም። "ማጠፊያውን እኔ ጨረስሁት" አሉ። "ጊዜ ስለሌለ ነው እንጂ አንቺ ትጨርሺው ነበር። ሁለት ጣት ነው የቀረሽ።" በዚያ ቤት የተማሪ ሥራ የነኩት ያን አንድ ጊዜ ነው። ይቅርታ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ያልሁት ግን "እግዜር ይስጥልኝ" ነው።

ለኅዳር ሚካኤል አትሮንሱ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ቆመ። አባቴ ትልቁን መጽሐፍ አሳርፈው አነበቡ፤ የማንም ክንድ አልተንቀጠቀጠም። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ እየከፈቱ እየዘጉ አደነቁት። እትዬ ውዴም ነበረች፤ ማጠፊያውን በጣቷ ዳስሳ "ይህን የሠራች እጅ ትባረክ!" አለችና እጄን ሳመች። አባቴ በሕይወታቸው ሙሉ ከዚያ ላይ አነበቡ። አልነገርኋቸውም። በየበዓሉ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ የማየው መጽሐፉን አልነበረም፤ ከሥሩ ያሉትን ሁለት ጣቶች ነበር። እኔ የፈለፈልኋቸው ጣቶች ትንሽ ሸካራ ናቸው፤ ሁለቱ ግን ልሙጥ ናቸው። ከሩቅ አይታይም ይሉ ይሆናል። ለኔ ይታየኝ ነበር።

የእንጨት ክፍሉ ከዚያ በኋላ አልተከፈተም። ሌላ አስተማሪ ተላከ ሲባል ቆይቶ ቀረ፤ መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ፣ ቤቱ የእህል መጋዘን ሆነ፣ ኋላም ፈርሶ በቦታው መማሪያ ክፍል ተሠራ። እኔ ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ተመለስሁ፣ ግብርና ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ሠራሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ የቤቴን በር ያቃናሁት፣ የልጅ ልጆቼን የመጽሐፍ መደርደሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼ ይገረማሉ። ወላጆች አንዳንድ ጊዜ እጅ ሥራ ለልጅ ምን ይጠቅማል፣ ሒሳቡን ቢያጠና አይሻልም ወይ ሲሉ እሰማለሁ። እኔ በትምህርት ቤት ከተማርሁት ሁሉ በእጄ የቀረ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በወረታ ትምህርት ቤት ያለፉ ልጆች ስንት ናቸው? የያዙትን ነገር ቀጥ ማለቱንና አለማለቱን በገዛ ዓይናቸው አይተው ሳያውቁ ወጡ። ያን ክፍል የዘጋሁት እኔ ነኝ ብል ማንም አያምነኝም።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ አንድ ወጣት ዲያቆን ቤቴ መጣ። የደብሩን ቅርስ እየመዘገቡ ነው። መስቀሉን፣ ከበሮውን፣ መጻሕፍቱን ጽፈው አትሮንሱ ላይ ደርሰዋል።

"እማማ፣ እርስዎ በልጅነትዎ የሠሩት ነው ይላሉ። ሠሪ በሚለው ላይ ስምዎን ልጽፍ ነው የመጣሁ።"

"የኔ አይደለም" አልሁት።

ሳቀ፤ በትሕትና የተናገርሁት መሰለው። "እማማ ደግሞ! አገር የሚያውቀውን!"

ያኔ ነገርሁት። ትኩሳቱ ወባ እንደነበረ፣ ራሴን እንዳልሳትሁ፣ ከጋቢው ሥር ለመውጣት የመምህሬን ስም እንደሰጠሁ፣ ርዕሰ መምህሩ ሲጠይቁኝ ዝም እንዳልሁ፣ ማጠፊያውንም መምህሬ እንደጨረሱት። በዝግታ ነው የነገርሁት፤ ረጅም አልሆነም። አባቴ ሞተዋል፣ እናቴ ሞታለች፣ እትዬ ውዴ፣ አክስቴ፣ ርዕሰ መምህሩ፣ አስካለም ሳትቀር ሞታለች። ያን ስም ሲጠፋ የሰማ ሰው አንድ አልተረፈም። መምህሬ እውነተኛ ሰው እንደነበሩ የነገርሁት የመጀመሪያው ሰው ያንን ሁሉ ሰምቶት የማያውቅ ልጅ ነው። ዲያቆኑ ብዕሩን ከፈተ።

"መልካም፣ እንግዲህ የሳቸውን እጽፋለሁ። ስማቸው?"

"ይርዳው።"

"ይርዳው ማን?"

ላስታውስ ሞከርሁ። ከዚያ ለማስታወስ የምሞክረው ነገር እንደሌለ ገባኝ። ያን ሁሉ ሰው ያስጮኸ የማን ልጅ መሆናቸው ነበር፤ የአባታቸውን ስም ግን የጠየቀ አልነበረም፣ እኔም ያኔ አልጠየቅሁም።

"አላውቅም" አልሁት።

"ይፋግ በኩል ዘመድ አይጠፋም፤ ላጠያይቅ?"

"እኔ ወጣት ሳለሁ የት እንደደረሱ አጠያይቄ ነበር። ሸክላ ሠሪዎቹ ስሙን ስጠራ ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ፤ የነገረኝ የለም።"

ልጁ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። "እማማ፣ ግማሽ ስም ካለው የቅርስ ቢሮው ይመልሰዋል" አለ በለሆሳስ። "የእርስዎን ብጽፍ ምናለበት? አብረው አይደል የሠራችሁት?"

"ይርዳው ብለህ ጻፍ።"

ጻፈ። እንዳየው ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው፤ መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ይርዳው፤ ከዚያም የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ፣ እንዲሁ ባዶ እንዳይቀር ብሎ ይመስለኛል፣ አንድ አጭር መስመር አስምሮበታል።